አስተያየት ተቀብሎ መልስ የሚሰጥ ላይብረሪ

ለእረፍት አገር ቤት ገብታችሁ የዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ ለመጠቀም ካሰባችሁ፣ ስለ ሕንፃው ስፋትና ስለ መጻሕፍቱ ብዛት የሚነግራችሁ አታጡም። እዚህ የምገመግመው ሌላውን ነው፤ ተጠቃሚ የጎደለውን ሲናገር ቤቱ ምን ያደርጋል? ዘንድሮ የተጠቀምኩበት ላይብረሪ በዚህ በኩል ከልብ የሚመሰገን አሠራር አለው። ከውጭ የመጣ ሰው ግን አሠራሩን ካላወቀ አስተያየቱ መንገድ ላይ ይቀራል።

አስተያየት የሚቀበሉት በሦስት መንገድ ነው፤ መግቢያው ላይ ባለው ሣጥን፣ መጽሐፍ በሚወጣበትና በሚመለስበት ሰርኩሌሽን ዴስክ ላይ በሚሰጠው ቅጽና ካታሎጉ (የመጻሕፍቱ የኮምፒውተር ዝርዝር) ላይ ባለው የኦንላይን ፎርም። ሣጥኑን ሁልጊዜ ሁለት ሠራተኞች አብረው ይከፍቱታል። ምክንያት አለው፤ ቁልፉ አንድ ሰው እጅ ብቻ ከሆነ ስለዚያው ሰው የተጻፈች ወረቀት መዝገብ ላይ መድረሷ ያጠራጥራል። እያንዳንዷ ወረቀት ተራ ቁጥርና ቀን ይሰጣትና ለሚመለከተው ክፍል ትመራለች። የመልሱ ገደብ 10 የሥራ ቀን ነው። ጥያቄው፣ መልሱ፣ መልስ የሰጠው ክፍልና ቀኑ መግቢያው አጠገብ ያለው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋሉ፤ የጠያቂው ስም አይወጣም።

ከሁሉ የወደድኩት "አይቻልም" የሚለው መልስም ከነምክንያቱ መለጠፉ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ይከፈትልን ለሚለው ጥያቄ የተሰጠው መልስ የሌሊት ጥበቃውና የሠራተኛው ፈረቃ ለመላው ሕንፃ እንደማይበቃ፣ በፈተና ሰሞን ግን ምድር ቤቱ እስከ እኩለ ሌሊት ክፍት እንደሚሆን ይገልጻል። ብዙ ቦታ የሚለጠፈው የተሳካው ብቻ ነው፤ ያልተቻለው በዝምታ ይታለፋል። መልስ ያጣ ሰው ደግሞ የሚያነብለት እንደሌለ ቆጥሮ ሁለተኛ አይጽፍም። ምክንያቱ የተነገረው ግን ጥያቄውን አስተካክሎ ተመልሶ ይመጣል።

ሰሌዳው ላይ የሚደጋገመው ቅሬታ ላይብረሪ የሚያውቅ ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ "ካታሎጉ አለ ይላል፣ መደርደሪያው ላይ የለም።" ፍለጋው የሚጀመረው ከሲስተሙ ነው፤ መጽሐፉ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ወጥቶ መቼ እንደተመለሰ ይታያል። ከዚያ ገና ያልተደረደሩት ያሉበት ጋሪ፣ የንባብ ጠረጴዛዎቹና የጥገና ክፍሉ ይፈተሻሉ። ቀጥሎ ከትክክለኛው ቦታ በላይና በታች ያሉት መደርደሪያዎች ይታያሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘውም እዚያው ነው። መጻሕፍቱ በርእሰ ጉዳይ የሚደረደሩበት የዲዊ ቁጥር ከነጥቡ በኋላ የሚነበበው አኃዝ በአኃዝ ስለሆነ 331.12 ከ331.2 ይቀድማል። 12 ከ2 ይበልጣል ብሎ ያሰበ አንባቢ ግን መጽሐፉን ከ331.2 በኋላ ይሰካዋል። አኃዝ ሲገለባበጥም የ531ን መጽሐፍ 513 ላይ ማግኘት አለ። ስለዚህ ሠራተኞቹ "ያነበባችሁትን መልሳችሁ አትደርድሩ፣ ጠረጴዛው ላይ ተዉት" ሲሉ የሚሰማቸው ቢያገኙ ቅሬታው ራሱ በቀነሰ።

አንድ ነገር ግን አላስደሰተኝም። መጽሐፉ "ጠፍቷል" ተብሎ ካታሎጉ ላይ የሚመዘገበው በተለያየ ሳምንት ሦስት ጊዜ ተፈልጎ ሲታጣ ነው። እስከዚያ ድረስ ካታሎጉ "አለ" ማለቱን ስለሚቀጥል ሌላው አንባቢም በከንቱ ይመላለሳል። ቅሬታው በገባበት ቀን "በፍለጋ ላይ" የሚል ምልክት ቢደረግበት ይህ ሁሉ ይቀር ነበር፤ ሥራው ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም።

መጽሐፍ ይገዛልን የሚለው ጥያቄ በኮሃ በኩል ይሄዳል። ኮሃ ኒውዚላንድ ውስጥ ተሠርቶ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ነፃ የላይብረሪ ሶፍትዌር ነው። በካርዳችሁ ቁጥር ገብታችሁ የመጽሐፉን ርእስ፣ ደራሲ፣ የታተመበትን ዓመትና አይኤስቢኤን (የመጽሐፉን ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር) ትሞላላችሁ። ጥያቄው ሲቀበሉት፣ ሲታዘዝና ሲገባ ወይም ውድቅ ሲሆን ሁኔታው ይቀየራል፤ ሲስተሙም ኢሜይል ይልካል። ችግር የሚፈጠረው ሁለት ቦታ ላይ ነው። ሠራተኛው መጽሐፉን አዝዞ ሁኔታውን ሳይቀይር ከረሳ ኢሜይል አይወጣም። የጎብኚ ካርድ ሲወጣ ደግሞ ኢሜይል ካልተመዘገበ ሲስተሙ የሚልክበት አድራሻ የለውም። ካርዱን ስታወጡ ኢሜይላችሁ መግባቱን ስክሪኑ ላይ አሳዩኝ በሉ።

በአማርኛ መጻሕፍት ፍለጋ ላይ የሚነሳው አስተያየት የተለየ ትኩረት ይገባዋል። "ፀሐይ" ብሎ የፈለገ በ"ጸሐይ" የተመዘገበውን አያገኝም፤ በ"ጸሀይ" የጻፈም ሌላ ውጤት ያያል። ከውጭ ካታሎግ የተቀዳ መዝገብ ደግሞ አንዳንዴ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚያስቀድም የአንድ ደራሲ ሥራዎች ሁለት ቦታ ይበተናሉ። ላይብረሪው የሰጠው መልስ ትክክል ነው፤ በአንዱ አጻጻፍ የፈለገ ሌላውንም እንዲያገኝ አማራጮቹን መዝገቡ ውስጥ ያስገባል። ግን የሚያደርገው ጥቆማ ለደረሰበት ርእስ ብቻ ነው። ያጣችሁትን ርእስ ከነፈለጋችሁበት ፊደል ጽፋችሁ ስጡ፤ ከእናንተ በኋላ የሚፈልገው ሁሉ ያገኘዋል።

ዓመታዊው መጠይቅ ደካማው ጎናቸው ነው። "ረክተዋል?" ብሎ ከ1 እስከ 5 ማስሞላት አማካይ ቁጥር ይሰጣል እንጂ ከምን እንደሚጀመር አይነግርም። የሰሜን አሜሪካ የምርምር ላይብረሪዎች ማኅበር ከቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ጋር ያዘጋጀው ሊብኳል የተባለ የላይብረሪ መጠይቅ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከ1 እስከ 9 ሦስት ነጥብ ያስሞላል፤ ዝቅተኛውን የምትቀበሉትን፣ የምትመኙትንና አሁን የምታገኙትን። ለጸጥታ ዝቅተኛው 6 ሆኖ የሚገኘው 5 ከሆነ፣ ለኮምፒውተር ደግሞ ዝቅተኛው 4 ሆኖ የሚገኘው 5 ከሆነ፣ ሁለቱም 5 ቢሆኑም መጀመሪያ መስተካከል ያለበት ጸጥታው ነው። ይህን አሠራር ወደ ራሳቸው መጠይቅ ቢያመጡት በእጃቸው ያለ ሥራ ነው።

ወደ ጎብኚው ልመለስ። የኦንላይን ፎርሙ የተማሪ መለያ ቁጥር ካልተሞላ አይልክም፤ ስለዚህ የወረቀቱን ቅጽ ተጠቀሙ። በአንድ ቅጽ አንድ ጉዳይ ብቻ ጻፉ፤ ሁለት ጉዳይ የያዘ ወረቀት ለአንድ ክፍል ስለሚመራ ሁለተኛው ይረሳል። "ዋይፋይ አይሠራም" ከማለት ፎቁን፣ የጠረጴዛውን ቁጥር፣ ሰዓቱንና የወጣውን መልእክት አስፍሩ። ዋይፋይን የሚመለከተው ሁሉ ወደ አይሲቲ ክፍል ስለሚተላለፍ መልሱ ይዘገያል። ኤዱሮም የተባለው የዩኒቨርሲቲዎች የጋራ ዋይፋይ ይግባልን የሚል ጥያቄ ሰሌዳው ላይ አለ፤ መልሱ "ለአይሲቲ ተልኳል" ይላል እንጂ ቀን የለውም። ከውጭ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ሰው በራሱ ተቋም አካውንት ኢንተርኔት የሚያገኝበት መንገድ ስለሆነ እናንተም ጻፉበት፤ ተመሳሳይ ጥያቄ ሲበዛ መዝገቡ ላይ ይደመራል። የቅጹን ተራ ቁጥር በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ከአገር ከወጣችሁ በኋላ በኢሜይል ስትጠይቁ ለተጠቃሚ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ሪፈረንስ ዴስክ የሚፈልግላችሁ በዚያ ቁጥር ነው።