ቺቪታ ዲ ባኞሬጆ፦ በትኬት የሚገባባት አምባ

ሮም ያላችሁ ሐበሾች፣ ቀን ውላችሁ የምትመለሱበት ቦታ ካማራችሁ ቺቪታ ዲ ባኞሬጆን ሂዱ። ግን እሁድ አይሁን። ከኦርቪየቶ ከተማ ወደዚያ የሚወስደው አውቶቡስ እሁድና በዓል ቀን አይሠራም። እንደኔ ባዳንቴ (ሰው ቤት አዛውንት የሚንከባከብ ሠራተኛ) ለሆነ ሰው ይሄ ያበሳጫል። ሙሉ ቀን የምናርፈው እሁድ ብቻ ነዋ! ወይ መኪና ያለው ጓደኛ ፈልጉ፣ ወይ ከሲኞራችሁ (ከአሠሪያችሁ) ጋር ተደራደሩ። እኔ ሐሙሴን ግማሽ ቀን መሆኑ ቀርቶ ሙሉ እንዲሆን ለምኜ ነው የሄድኩት።

ከሮም ዋና ባቡር ጣቢያ ከቴርሚኒ እስከ ኦርቪየቶ በባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ ያልፋል። ከዚያ አውቶቡስ ነው። አጠገቧ ያለችው ከተማ ባኞሬጆ ሲያወርዳችሁ ደረስን ብላችሁ አትደሰቱ። ባኞሬጆን ከዳር እስከ ዳር በእግር ታቋርጣላችሁ። ከዚያ ድንገት ሸለቆው ወለል ይላል። መሃሉ ላይ አንድ አምባ ብቻውን ቆሟል፣ አናቱ ላይ የድንጋይ ቤቶች። አምባ ላይ መንደር ማየት ለእኛ ብርቅ አይደለም። ይሄኛው ግን እየተሸረፈ የሚያልቅ አምባ ነው።

መግቢያው 5 ዩሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ማስከፈል ሲጀምሩ 1 ዩሮ ተኩል ነበር። አብራኝ የነበረችው ልጅ «ሰፈር ለመግባት ደግሞ ይከፈላል እንዴ?» ብላ ተነጫነጨች። እኔ አልቆጨኝም። ዓመቱን ሙሉ እዚያ የሚኖረው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ገደሉን ደግፎ ማቆየት ደግሞ ገንዘብ ይበላል።

የሚያሻግራችሁ በ1965 የተሠራ የእግረኛ ድልድይ ነው፤ ወደ 300 ሜትር ይሆናል። አጀማመሩ ቀላል ነው፣ መጨረሻው ላይ ያለው ዳገት ግን ያስለከልካል። ጥላ የሚባል ነገር የለውም። ጉልበት የሚያማቸውን ሰው ይዛችሁ እንዳትመጡ።

በሩ የሳንታ ማሪያ በር ይባላል። መተላለፊያውን ከዓለቱ ፈልፍለው ያወጡት ኤትሩስካኖች ናቸው፤ ከሮማውያን በፊት አገሩን የያዙት ማለት ነው። የመንደሯ ዕድሜ ራሱ 2 ሺህ 500 ዓመት ገደማ ነው። በሩ ላይ ሁለት የድንጋይ አንበሶች የሰው ጭንቅላት ጨብጠዋል። ሕዝቡ ሞናልዴስኪ የሚባሉትን የኦርቪየቶ ገዢዎች ያሸነፈበት መታሰቢያ ነው ይላሉ። ገባ እንዳላችሁ ቀና በሉ። የአንድ ትልቅ ቤት ግድግዳ ከነመስኮቶቹ ቆሟል፤ በመስኮቶቹ የሚታየው ግን ሰማይ ነው። የተቀረው ቤት ገደል ገብቷል።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሰልፊውን አንስቶ፣ አይስክሬም ገዝቶ ይመለሳል። እባካችሁ አደባባዩ ጋ ያለችውን ትንሽ የጂኦሎጂና የመሬት መንሸራተት ሙዚየም ሳታዩ አትውጡ። ለእኔ የቀኑ ምርጥ እሷ ነበረች። ላይኛው ክፍል ከእሳተ ገሞራ የወጣ ቱፎ ድንጋይ ነው። ከሥሩ ያለው ግን ጥንት የባሕር ወለል የነበረ ሸክላ አፈር ነው። ሊጥ ላይ ድንጋይ ማስቀመጥ በሉት። ዝናቡና ከታች ያሉት ጅረቶች ሸክላውን ያጥቡታል፤ ያኔ ከላይ ያለው ዓለት መቆሚያ ያጣና ይገመሳል። መሐንዲሶቹ ዓለቱን በብረት እንዴት እንደሚያስሩት ሁሉ ይታያል። ይሄን አይታችሁ ስትወጡ እያንዳንዱን ስንጥቅ ትፈትሻላችሁ፣ እመኑኝ።

ድሮ ዋናዋ ከተማ ቺቪታ ነበረች። በ1695 የመሬት መንቀጥቀጥ ክፉኛ መታት። ጳጳሱም አስተዳደሩም ወደ ባኞሬጆ ተሻገሩ፣ ሕዝቡም ቀስ በቀስ ተከተላቸው። ቅዱስ ቦናቬንቱራ የሚባለው ታላቁ ፍራንቸስካዊ መነኩሴ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተወለደው እዚህ ነው። ቤቱን እንይ ብትሉ የለም፤ እሱም ከገደሉ ጋር ወርዷል።

አደባባዩ አስፋልትም ንጣፍም የለውም። በፈረንጆቹ ሰኔና መስከረም (ጁንና ሴፕቴምበር) የአህያ እሽቅድምድም ያካሂዱበታል፤ አልደረስኩበትም። የሳን ዶናቶ ቤተ ክርስቲያን እዚያው ነው፣ በነፃ ይገባል። ውስጡ ያለውን የ15ኛው ክፍለ ዘመን የእንጨት ስቅለት ቆማችሁ እዩት። በእነሱ የስቅለት ዕለት ማታ የጌታን ምስል ከመስቀሉ አውርደው፣ በቃሬዛ አስተኝተው፣ ድልድዩን አሻግረው ባኞሬጆን ያዞሩታል። እኩለ ሌሊት ሳይሞላ ካልተመለሰ ባኞሬጆዎች ያስቀሩታል የሚባል የቆየ ወግ አለ። ታቦት ሲወርድ የምናውቀውን ግርግር አስታወሰኝ። ደግሞ የሁለት ሰፈር ፉክክር አለበት!

ምግብ ላይ ብዙ አትጠብቁ። አንድ ካፌ ለሁለት ካፑቺኖና ለአንድ ውሃ የጠየቀን ብር፣ ይቅርታ ዩሮ፣ ከመግቢያው በልጦ አረፈው። ብሩስኬታው ግን ግሩም ነው፦ ከሰል ላይ የተጠበሰ ዳቦ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ የአገሩ የወይራ ዘይት። ለጾመኛ አንደኛ። የድሮው የዘይት መጭመቂያ ድንጋይ ባለበት ቤት ውስጥ ሲበሉት ደግሞ ሌላ ነው።

ኮከብ ስጪ ካላችሁኝ ከ5ቱ 4። አንዱን የቀነስኩት በአውቶቡሱ ነው። ከእኩለ ቀን በፊት ድረሱ፣ ከዚያ በኋላ ድልድዩ ላይ መተላለፊያ ይጠፋል። ባኞሬጆ ስትወርዱ የመመለሻውን ሰዓት ከማቆሚያው ላይ ፎቶ አንሱ። የአውቶቡስ ቲኬቱንም ያኔውኑ ግዙ፤ ከሰዓት ሱቆቹ ይዘጋሉ።