ስኮፊልድ፣ ራሽያን ወይስ ዌብሊ? በድሮው አምሳል የተሠራ ታጣፊ ሪቮልቨር ለመግዛት ላሰባችሁ

አሜሪካ የምትኖሩና የድሮ መሣሪያ የምትወዱ ሰዎች፣ ታጣፊ ሪቮልቨር ሱቅ ውስጥ አይታችሁ ዝም ብላችሁ አታልፉም። ቶፕ ብሬክ የሚባሉት ናቸው። ከላይ ያለውን መቆለፊያ ስትለቁት በርሜሉ ጥይት ከሚይዘው ከበሮ ጋር ወደ ታች ይታጠፋል። ከከበሮው መሀል ኮከብ የመሰለ ብረት ብድግ ይላል። ስድስቱንም ቀለህ በአንድ ጊዜ ያነሳና መልሶ ጥርቅም ብሎ ይገባል። በ1870ዎቹ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ተፎካካሪው ኮልት ቀለሁን የሚያስወጣው አንድ በአንድ በዘንግ እየተገፋ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ እነዚህን መሣሪያዎች አዲስ አድርገው የሚሠሩ ፋብሪካዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ዋጋውም ቀላል አይደለም። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ልዩነታቸውን ማወቅ ያዋጣል። ከሁሉ በፊት አንድ ምክር ልስጣችሁ፦ ምርጫውን ከመልኩ አትጀምሩ፣ ከጥይቱ ጀምሩ። ብዙ ሰው በመልኩ ተማርኮ ይገዛና በሁለተኛው ወር ጥይቱ ውድ ሆኖበት ሳጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል።

ኡቤርቲ ስኮፊልድ

በገበያው ላይ ዋናው ይህ ነው። ኡቤርቲ የጣሊያን ፋብሪካ ነው። በ1959 በብሬሻ አካባቢ በጋርዶኔ ቫል ትሮምፒያ ተመሠረተ፣ ዛሬ የቤሬታ ንብረት ነው። አሜሪካ ሱቅ ውስጥ ሲማሮን ወይም ቴይለርስ የሚል ስም ብታዩ አትደናገሩ። እነሱ አስመጪዎች ናቸው። ስኮፊልዱ የወጣው ከዚያው ከኡቤርቲ ፋብሪካ ነው።

ስሙ የመጣው ከአሜሪካዊው የፈረሰኛ ጦር መኮንን ከጆርጅ ስኮፊልድ ነው። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በ1870 ያወጣው ሞዴል 3 መቆለፊያው ያለው በርሜሉ በኩል ነበር። ስኮፊልድ ወደ ሽጉጡ አካል አዛወረው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፣ ግን እጃችሁ ላይ ሲገባ ወዲያው ይታወቃችኋል። አውራ ጣት መቆለፊያውን ወደ ኋላ ትስባለች፣ በርሜሉን ጭን ላይ ጫን ስታደርጉት ይከፈታል። በግራ እጁ ልጓም የያዘ ፈረሰኛ በቀኝ እጁ ብቻ ከፍቶ ቀለሁን ያራግፍ ነበር። የአሜሪካ ጦር ከ1875 ጀምሮ ከ8,000 በላይ ገዛ። በኋላ ጦሩ ሲያስወጣቸው ዌልስ ፋርጎ የተባለው የጭነትና የገንዘብ አመላላሽ ኩባንያ ጥቂቶቹን ገዝቶ 7 ኢንች የነበረውን በርሜል ወደ 5 አሳጠረው። ዛሬ የኡቤርቲ ስኮፊልድ በ7 እና በ5 ኢንች የሚመጣው ከዚህ ታሪክ የተነሳ ነው። ባለ 3.5 ኢንቹ የኋላ ዘመን ጭማሪ ነው። እኔ 5 ኢንቹን እመርጣለሁ። ባለ 7ቱ ለማነጣጠር ይመቻል፣ ግን አፍንጫው ይከብዳል። ሁሉም ከአንድ ኪሎ በላይ ናቸውና እጅ ቶሎ ይዝላል።

አሁን ወደ ጥይቱ። የጥንቱ ስኮፊልድ ከበሮው አጭር ስለነበር 45 ኮልት የተባለውን ጥይት አይጎርስም ነበር። ስለዚህ 45 ስኮፊልድ የተባለ አጠር ያለ ጥይት ተሠራለት። ጦሩ ሁለቱንም ሽጉጥ ታጥቆ ስለነበር ኮልት የያዘው ክፍል አጭሩን ጥይት ቢሰጠው ይተኩሳል። ስኮፊልድ የያዘው ግን ረጅሙን ቢሰጡት ባዶ እጁን እንደቆመ ነው። ኡቤርቲ ይህን ችግር የፈታው ከበሮውን በማስረዘም ነው። ዛሬ የሚሸጠው 45 ኮልት በደንብ ይጎርሳል፣ አጭሩንም 45 ስኮፊልድ ይቀበላል። ከዚህ ሌላ በ44-40 እና በ38 ስፔሻልም ይሠራል።

ማስረዘሙ ግን ዋጋ አስከፍሏል። በጥንቱ ከበሮ ፊት ለፊት፣ መሀሉ ላይ፣ ወጣ ያለች ቀለበት ነበረች። የባሩዱ ጥላሸት ከበሮው የሚዞርበት ዘንግ ውስጥ እንዳይገባ የምትከላከል እሷ ናት። ረጅሙ ከበሮ ቦታዋን ስለወሰደባት በኡቤርቲ ላይ አጥራለች። ጭስ በማያበዛው በዘመኑ ባሩድ ስትተኩሱ ምንም አይታወቃችሁም። በጥቁር ባሩድ ከሆነ ግን ጥቂት ዙር እንደተኮሳችሁ ከበሮው መንቀርፈፍ ይጀምራል፣ ቆይቶም ጭራሽ ይያዛል። በየመሀሉ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ የግድ ነው። የድሮውን ጭስና ሽታ ፈልጋችሁ የምትገዙ ሰዎች ይህን አውቃችሁ ግቡ።

ሌላው ነገር የቀለሁ ከንፈር ነው። ኮከቡ ቀለሁን የሚያነሳው በግርጌው ዙሪያ ወጣ ያለችውን ከንፈር ይዞ ነው። የ45 ኮልት ከንፈር ቀጭን ናት። 45 ስኮፊልድ ሲሠራ ሰፋ ያለ ከንፈር የተሰጠው በዚህ ምክንያት ነው። በ45 ኮልት ሽጉጡን ቀስ ብላችሁ ስትከፍቱት አንዳንዴ አንዱ ቀለህ ከኮከቡ ላይ ይንሸራተትና ተመልሶ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። ኮከቡ በላዩ ላይ ይዘጋበታል። ያን ጊዜ ኮከቡን በአንድ እጅ አንስታችሁ ይዛችሁ ቀለሁን በጥፍር ማውጣት ነው፣ በጣም ያናድዳል። መፍትሔው ወደ ጎን አዘንብሎ፣ ሳያመነቱ፣ በአንድ ትንፋሽ እስከ መጨረሻው መክፈት ነው። ወይም 45 ስኮፊልድ ጥይት መግዛት።

በዚህ ሁሉ ላይ 38 ስፔሻል ያሸንፋል። ጥይቱ በየሱቁ አለ፣ ከ45 ኮልት በብዙ ይረክሳል፣ ምቱም ለስላሳ ነው። ከንፈሩም ኮከቡን በደንብ ይይዝለታል። አንድ ጉድለቱ ከባድ መሆኑ ነው። ቀዳዳዎቹ ስለጠበቡ በከበሮውና በበርሜሉ የሚቀረው ብረት ይበዛል። ታሪካዊነቱ ይቀንሳል የሚሉ አሉ፣ እውነታቸውን ነው፣ በስኮፊልድ ዘመን 38 ስፔሻል አልነበረም። ግን ኢላማ ተኩስ ቦታ ሄዶ በየሳምንቱ መቶ ጥይት ለሚተኩስ ሰው ልዩነቱ ኪስ ውስጥ ይታያል።

ኡቤርቲ ራሽያን

ይህኛው ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ለሩሲያ መንግሥት ይሠራው የነበረው ሞዴል 3 ቅጂ ነው። በዘመኑ ጉዳዩን የተከታተለው የሩሲያው ወታደራዊ ተወካይ ጄኔራል አሌክሳንደር ጎርሎፍ ነው። 44 ራሽያን የተባለው ጥይትም የተወለደው ከዚህ ውል ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ጥይት እርሳሱና ቀለሁ እኩል ውፍረት ስለነበራቸው የእርሳሱ ቅባት ውጪ ላይ ሆኖ አቧራ ይይዝ ነበር። ሩሲያኖቹ እርሳሱ ወደ ቀለሁ ውስጥ እንዲገባ አደረጉ። ዛሬ የምንተኩሳቸው የሪቮልቨር ጥይቶች በብዛት የተሠሩት በዚያው መልክ ነው።

መልኩ ከስኮፊልድ ይልቅ ያምራል ብል አላጋነንኩም። በርሜሉ 6.5 ኢንች ነው። ከቃታው ቀለበት ሥር እንደ ቀንድ የወጣች የመሀል ጣት ማረፊያ አለችው። እጀታው ከኋላ ጉብ ያለ ነው። ጉብታው ሽጉጡ ሲመታ እጅ ውስጥ ወደ ላይ እንዳይንሸራተት ይይዛል። ግን እዚያው ላይ ጣጣ አለው። ጉብታው እጃችሁን ዝቅ አድርጎ ስለሚያስይዝ አውራ ጣት መዶሻው (ተስቦ ሲለቀቅ ጥይቱን የሚያስነሳው ብረት) ጋ አትደርስም። ከእያንዳንዱ ተኩስ በፊት አያያዛችሁን ቀይራችሁ፣ መዶሻውን ስባችሁ፣ እንደገና ማስተካከል አለባችሁ። እጁ ትንሽ ለሆነ ሰው ይህ አድካሚ ነው። መቆለፊያውም በርሜሉ በኩል ስለሆነ ለመክፈት ሁለት እጅ ይፈልጋል።

በ44 ራሽያን እና በ45 ኮልት ይመጣል። 44 ራሽያን ለመተኮስ ደስ የሚል ለስላሳ ጥይት ነው፣ ግን ከየሱቁ አይገኝም፣ ሲገኝም ውድ ነው። ጥይት ራሳችሁ የምትሞሉ ከሆነ ብቻ ግዙት። ረጋ ብሎ በአንድ እጅ ኢላማ ለሚተኩስ ሰው ራሽያንን እመርጥለታለሁ፣ ለሌላው ሁሉ ስኮፊልድን።

ያገለገሉ ከሆነ የምትፈልጉት

ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ራሱ በ2000 ስኮፊልድን መልሶ አውጥቶ ለጥቂት ዓመት ሠርቷል። በርሜሉ 7 ኢንች ነው፣ የሚጎርሰው 45 ስኮፊልድ ብቻ ነው። ጥይቱን የሚመታው መርፌም እንደ ጥንቱ መዶሻው ላይ አይደለም፣ በአካሉ ውስጥ ነው። አሠራሩ የሚያስመካ ነው። ዛሬ የሚገኘው ከሰው እጅ ብቻ ስለሆነ ዋጋው ከኡቤርቲ በጣም ይበልጣል። ለሰብሳቢ እንጂ ለተኳሽ አልመክረውም። ቤሬታም ላራሚ በሚል ስም ኡቤርቲ የሠራውን ሌላ ታጣፊ ይሸጥ ነበር፣ በ45 ኮልት እና በ38 ስፔሻል። ምርቱ ቆሟል። ንጹሕ ሆኖ በ38 ካገኛችሁት ሳታቅማሙ እዩት።

ዌብሊ

የእንግሊዞቹ ዌብሊ ነገር ለየት ይላል። በ1915 የጦሩ መሣሪያ የሆነው ማርክ 6፣ እውነተኛ ጥይት የሚተኩስ ቅጂው አሜሪካ ውስጥ አዲስ አይሸጥም። ሕንድ ውስጥ በዌብሊ ስም 32 ካሊበር ታጣፊ ሪቮልቨር ይሠራል። የካንፑር የመንግሥት ፋብሪካም የዌብሊን ዘር የሆነ ባለ 32 ሲሠራ ኖሯል፣ በ2014 ለሴቶች ተብሎ የወጣውና ግማሽ ኪሎ ገደማ የሚመዝነው ኒርቢክ የዚህ ቤተሰብ ነው። ገዢዎቻቸው ግን የሕንድ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ ዌብሊ የሚወድ ሰው አሜሪካ ውስጥ ሁለት ምርጫ አለው። አንዱ ጥንታዊውን መግዛት ነው። እዚህ ላይ በጣም ተጠንቀቁ። ብዙዎቹ ማርክ 6 አሜሪካ ከገቡ በኋላ ከበሯቸው ተሞርዶ 45 ኤሲፒ የተባለውን የአውቶማቲክ ሽጉጥ ጥይት እንዲጎርሱ ተደርገዋል። የፋብሪካ 45 ኤሲፒ ግፊት ያ ብረት ከተሠራበት ልክ በላይ ነው። ይጎርሳል ማለት ይችለዋል ማለት አይደለም።

ሁለተኛው በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ የሚሠራው ነው። በ12 ግራም የጋዝ ጣሳ 4.5 ሚሊ ሜትር ድቡልቡል ወይም ጠፍጣፋ ጥይት ይተኩሳል። ሙሉ ብረት ነው፣ እንደ እውነተኛው ይታጠፋል፣ ኮከቡም ስድስቱን ቀለህ ያነሳል። ስኮፊልድም በዚህ ዓይነት ይገኛል። ዋጋው ከእውነተኛው ጋር አይወዳደርም፣ ኡቤርቲ ከ1,000 ዶላር በላይ ሲሆን ይህ 200 ዶላር አካባቢ ነው። የሚማርካችሁ የመክፈትና የመዝጋቱ አሠራር ከሆነ፣ ከልቤ ነው የምለው፣ ከዚህ ጀምሩ። ጀርመን የምትኖሩ ከሆነ 7.5 ጁል የማያልፍና በአምስት ማዕዘን ውስጥ የኤፍ ምልክት ያለበት ከሆነ 18 ዓመት የሞላው ሰው ይገዛዋል። መልኩ ከእውነተኛው አይለይምና ደጅ ይዛችሁ አትውጡ። ወደ ኢትዮጵያ ስትሄዱም ሻንጣችሁ ውስጥ አታስገቡት። እውነተኛውን በተመለከተ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 (ይህ ዓመት ብቻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ግልጽ ነው፣ ያለ ፈቃድ መሣሪያ ይዞ መግባት ወንጀል ነው።

ሕጉና ቤት ውስጥ አያያዙ

አሜሪካ ውስጥ ብዙዎችን የሚያደናግር ነገር አለ። በፌዴራል ሕግ እስከ 1898 ድረስ የተሠራ ጥንታዊ ሽጉጥ እንደ ቅርስ ይቆጠራል። ትናንት ከጣሊያን የመጣው ቅጂው ግን ሙሉ ጥይት ስለሚተኩስ እንደ ማንኛውም ሽጉጥ ነው። ፈቃድ ካለው ነጋዴ፣ ፎርም 4473 የተባለውን የፌዴራል የገዢ ቅጽ ሞልታችሁ፣ 21 ዓመት ሞልቷችሁ፣ በምትኖሩበት ግዛት ውስጥ ነው የምትገዙት። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው በመርሕ ደረጃ አይችልም። ከዚያ የየግዛቱ ሕግ አለ። ሜሪላንድ ከግዢው በፊት ሥልጠናና አሻራ የሚጠይቅ ፈቃድ አላት፣ ሽጉጡም በግዛቷ ዝርዝር ውስጥ መኖር አለበት። ዲሲ ማስመዝገብ ትጠይቃለች። ከመክፈላችሁ በፊት ነጋዴውን በሚገባ ጠይቁ።

ለቤት ጥበቃ ብላችሁ አትግዙት። ስኮፊልድም ራሽያንም መዶሻው በእጅ ካልተሳበ አይተኩሱም፣ ለድንጋጤ ሰዓት የተሠሩ አይደሉም። እነዚህ የኢላማና የታሪክ መሣሪያዎች ናቸው። በድሮ ዘመን መሣሪያ የሚወዳደሩት ካውቦይ ተኳሾች በ1987 በተመሠረተው ማኅበራቸው ውድድር ላይ አምስት ጥይት ብቻ ይሞላሉ፣ መዶሻው ባዶው ጉድጓድ ላይ ያርፋል። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ጥይቱ መደበኛ ወይም ለካውቦይ ውድድር የሚሸጠው ለስላሳው ይሁን፣ ኃይለኛውን ፕላስ ፒ የተባለውን ማጠፊያው አይችለውም። ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ ሽጉጡ በቁልፍ፣ ጥይቱ በሌላ ቁልፍ።

ሱቁ ውስጥ ምን ታያላችሁ?

መጀመሪያ ስድስቱም ጉድጓድ ባዶ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ። ቀስ ብላችሁ ክፈቱት፤ ኮከቡ ቀጥ ብሎ መነሳት፣ መጨረሻ ላይም ሳይንቀረፈፍ ተመልሶ መግባት አለበት። ዝጉትና በአንድ እጅ እጀታውን፣ በሌላው በርሜሉን ይዛችሁ ወደ ጎንና ወደ ላይ ወዝወዝ አድርጉት። ማጠፊያው ላይ ጨዋታ ካለ ተዉት፣ እሱ እያደር ይብሳል እንጂ አይጠብቅም። መቆለፊያው ሙሉ በሙሉ መግባቱን እዩ፣ በግማሽ የሚቀር ከሆነ ሲተኮስ ሊከፈት ይችላል። መዶሻውን ስትስቡ ከበሮው በየጉድጓዱ ላይ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፣ ስድስቱንም ሞክሩ። ባዶ ሽጉጥ ላይ ግን ነጋዴውን ሳትጠይቁ ቃታ አትሳቡ። ይህን ሁሉ ለማየት የማይፈቅድላችሁ ከሆነ አመስግናችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ።