የዳታ ማጽጃው አድኢን ከመንፈቅ በኋላ፦ ሥራው ሸጋ፣ ጉርብትናው አስቸጋሪ

ሥራዬ ሒሳብ ነው። የባንክ መግለጫን ከመዝገብ ጋር ማመሳከር፣ የተደጋገሙ ረድፎችን መልቀም፣ የደንበኛ ስም ጫፍ ላይ የተሸጎጡ ባዶ ቦታዎችን ማጽዳት የየወሩ እንጀራዬ ነው። ለዚሁ ብለን በዓመት ክፍያ የገዛነውን የኤክሴል አድኢን (ኤክሴል ላይ ተጨምሮ የሚሠራ ፕሮግራም) ከመንፈቅ በላይ ተገልግዬበታለሁ። ስሙን አልጠራም፤ የማነሳው ችግር መሰሎቹም ላይ የሚያጋጥም ነው።

ምስጋናው ይቅደም። ሁለት ሺት አስተያይቶ የሚለያዩትን ረድፎች በቀለም ማውጣቱ ብቻ ለዋጋው ይበቃል። "ፓወር ኩዌሪ በነፃ እያለ?" የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ ይህ ዳታ ማምጫና ማጽጃ መሣሪያ ከኤክሴል 2016 ጀምሮ አብሮ ይመጣል፤ በየወሩ ለሚደጋገም ሥራ እሱ ይሻላል። ለአንድ ጊዜ ጽዳት ግን ይሄኛው ይፈጥናል።

ጣጣው የሚመጣው ከሌላ አድኢን ጋር ሲገናኝ ነው። አንድ ባልደረባችን በማክሮ (ኤክሴል ውስጥ በሚጻፍ አጭር ፕሮግራም) የሠራት የቀን መቀየሪያ አለችን። የፈረንጅ ቀን ስንጽፍ ቀጥሎ ባለው ሴል ላይ የእኛን ቀን ራሷ ትሞላለች። በጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ያለ እሷ አንንቀሳቀስም። ማጽጃው ከገባ ወዲህ አልፎ አልፎ ዝም ትል ጀመር። ጁላይ 8 ቀን 2025 ብዬ ስጽፍ ሐምሌ 1 ቀን 2017 መምጣት ነበረበት፤ ሴሉ ግን ባዶ ነው። የስህተት መልእክትም የለም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ቀን መቀየሪያዋ የምትነቃው ሴል በተለወጠ ቁጥር ኤክሴል በሚያስነሳው ኢቨንት፣ ማለትም "ለውጥ አለ" በሚል የውስጥ ጥሪ ነው። ማጽጃው ደግሞ ብዙ ረድፍ ሲነካ እንዲፈጥንለት ኢቨንቶችን ያጠፋና ሲጨርስ ያበራል። በይለፍ ቃል የተቆለፈ ሺት ገጥሞት መሀል ላይ ከቆመ ግን ሳያበራ ይወጣል። ቅንብሩ የአንድ ፋይል ሳይሆን የመላው ኤክሴል ስለሆነ፣ ፕሮግራሙ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ እስኪከፈት ድረስ ቀን መቀየሪያዋ አትሰማም።

ከዚህ የሚከፋው ስሌቱን ወደ ማንዋል ቀይሮ ሲተወው ነው። ቁጥር ትቀይራለህ፣ ድምሩ አይንቀሳቀስም፤ ኤፍ9 ስትጫን ብቻ ይስተካከላል። ፋይሉ እንዲያ ሆኖ ሴቭ ከተደረገ ማንዋልነቱ አብሮት ይቀመጣል። በማግስቱ መጀመሪያ የተከፈተው እሱ ከሆነ ደግሞ ከእሱ በኋላ የሚከፈቱት ሁሉ ማንዋል ይሆናሉ። የቫት ማስታወቂያ በሚዘጋጅበት ሰሞን ይህ ቀልድ አይደለም።

ጥፋተኛውን ለመለየት ኮንትሮልን ተጭኖ ይዞ ኤክሴልን መክፈት ነው፤ በሴፍ ሞድ ልክፈት ወይ ብሎ ሲጠይቅ እሺ ማለት። በዚያ ሁኔታ አድኢኖች አይጫኑም። ችግሩ ከጠፋ ከመካከላቸው አንዱ ነው ማለት ነው፤ ከዚያ አንድ በአንድ እየመለሱ መሞከር፣ በየመሀሉም ኤክሴልን መዝጋት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ኦፕሽንስ ውስጥ የኤክሴል አድኢኖችና የኮም አድኢኖች (እንደ ራሱን የቻለ ፕሮግራም የሚጫኑት) ዝርዝር ለየብቻ ነው። አንዱን አጥፍቶ "ሁሉንም አጠፋሁ፣ ችግሩ ግን አለ" የሚል ሰው አይጠፋም። ኤክስኤልስታርት የሚባለው ፎልደር ውስጥ የተቀመጠ ፋይልም በራሱ ስለሚከፈት እሱንም ማየት ያስፈልጋል።

የአቋራጭ ቁልፍ ግጭትም ነበር። ማጽጃውና ቀን መቀየሪያዋ አንድ ዓይነት ቁልፍ ይዘው፣ ኋላ የተጫነው የፊተኛውን ይነጥቀዋል። ለአምራቹ ጽፈን በሚቀጥለው ዕትም ቁልፉን መቀየር የሚቻልበት ቦታ ጨመሩ። ስለ ኢቨንቱ ግን "እናየዋለን" ብለው ቀሩ።

አሁን ማጽጃውን ከኮም አድኢኖች ዝርዝር ላይ ምልክቱን አንስቼ፣ ስፈልገው ብቻ አበራዋለሁ። ባልደረባዬም ኢቨንቶችን የሚያበራና ስሌቱን ወደ አውቶማቲክ የሚመልስ አንዲት ቁልፍ ሪቦን (ከላይ ያለው የትዕዛዝ መደዳ) ላይ ጨመረልን። ማጽጃው ሥራ በጨረሰ ቁጥር እሷን እንጫናለን። ለአንድ ሰው ኮምፒውተር ፈቃዱን አድሳለሁ፤ ለመላው ክፍል ግን ኢቨንቱን እስኪያስተካክሉ አልገዛም።