አንጀቴን ያራሰችልኝ የሥነ ምግብ ባለሙያ

«አንጀቴን አራሰችው» ሲባል አባባል ብቻ ይመስለኝ ነበር። የኔዋ ግን ቃል በቃል ነው ያራሰችው።

አልሰረቲቭ ኮላይተስ ከያዘኝ አምስት ዓመቴ ነው። ትልቁ አንጀት የሚቆጣበትና የሚቆስልበት፣ ደም የሚያስቀምጥ በሽታ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ኡበር ስነዳ ከመንገዱ በፊት የማጠናው ሽንት ቤቶቹን ነበር። ያለበት ያውቀዋል።

በፊት ያየኝ ሌላ ባለሙያ አንድ ወረቀት ሰጥቶ ሸኘኝ። «ፋይበር አትንካ» ይላል፤ በጥራጥሬና በአትክልት ውስጥ ያለውን፣ ሆድ የማይፈጨውን አሰር ማለቱ ነው። እስከ መቼ? አይልም። ሁለት ዓመት ሙሉ ነጭ ሩዝና ፓስታ በላሁ። ከዚያ በዐቢይ ጾም እልህ ያዘኝና ምስሩን፣ ጎመኑን፣ የሽምብራ ቆሎውን አንድ ላይ ለቀቅኩበት። በሳምንቱ ድንገተኛ ክፍል ነበርኩ።

ይህችን እህት ያገኘኋት ከዚያ በኋላ ነው። ገና እንደተቀመጥኩ «የካልፕሮቴክቲን ውጤትህን አምጣ» አለችኝ። አንጀት መቆጣቱን ከሰገራ የሚያሳይ ምርመራ ነው። ቁጣው እስኪበርድ ለስላሳ ምግብ ብቻ ፈቀደችልኝ።

ሲበርድ ከህንድ ሱቅ ኢሳብጎል አስገዛችኝ፤ ሳይሊየም የሚባለው የዘር ገለፈት ነው። አንድ ማንኪያ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨመረችና ወሬያችንን ቀጠልን። በኋላ ብርጭቆውን አዘነበለችው። አይፈስም፣ ይዝለገለጋል። «ተልባ ሲበጠበጥ አላየህም?» አለችኝ። የእናቴ ተልባ ድቅን አለብኝና ሳቄ መጣ።

ለካ ፋይበር ሁሉ አንድ አይደለም። የአንጀት ባክቴሪያዎች ፋይበርን ሲያብላሉ ቡቲሬት የሚባል ነገር ያወጣሉ። የትልቁ አንጀት ግድግዳ ሴሎች ዋና ማገዶ እሱ ነው። በሽታው ሲነሳ ግን ነገር ይበላሻል። በፈረንጆቹ 2022 የወጣ የካናዳ ጥናት፣ እንደ ኢኑሊን ያለው ፋይበር በደንብ ሳይብላላ ሲቀር በአንዳንድ ሕሙማን ላይ ቁጣውን ሊያባብስ እንደሚችል አሳይቷል። ይሄ ኢኑሊን ደግሞ የት ቢገኝ ጥሩ ነው? ሽንኩርት ውስጥ! ወጣችን ሽንኩርት አይደል እንዴ? እሷ ግን አልከለከለችኝም። «ለጊዜው ግማሽ አድርገው» ብቻ አለች።

በ1999 የታተመ የስፔን ጥናትም አሳየችኝ። ኮላይተሳቸው የበረደላቸው 105 ሰዎች ለአንድ ዓመት ተከታተሏቸው። የኢሳብጎሉን ተክል ዘር በቀን 20 ግራም የወሰዱት፣ መሳላሚን የሚባለውን የኮላይተስ መድኃኒት ከወሰዱት በውጤት ብዙም አልራቁም። «በቃ መድኃኒቱን ልተወው?» አልኳት። አፈጠጠችብኝ። «ሞክረውና እንጣላለን» አለች። ሰዎቹ ጥቂት ናቸው፣ ከሁለቱም ወገን ከሦስት አንዱ የሚበልጡት አልተሳካላቸውም፤ እሱንም ሳትደብቅ ነገረችኝ። ወደድኳት።

ኢሳብጎሉን በግማሽ ማንኪያ ጀምሬ ዛሬ ሁለት ደርሻለሁ፣ በብዙ ውሃ። መድኃኒቴንም አልተውኩም። ክሮንስ የሚባለው ሌላው የአንጀት ቁጣ በሽታ ይዟችሁ አንጀታችሁ የጠበበ ግን እኔን አይታችሁ እንዳትጀምሩ፣ ሊዘጋባችሁ ይችላል። እሷም ብትሆን መጀመሪያ ወደ ሐኪማችሁ ነው የምትመልሳችሁ።

ርካሽ አይደለችም። ቀጠሮም ታረፍዳለች፣ አንዴ አርባ ደቂቃ አስቀምጣኛለች። ቢሆንም ሂዱ። ስልኳን ሳላስፈቅድ አልለጥፍም፣ የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ።

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለፋሲካ እኛ ቤት ነሽ። ዶሮው በግማሽ ሽንኩርት ነው የሚሠራው፤ ባለቤቴ እስካሁን አልታረቀችኝም።