በሁለት ድሪል ሰበብ የገባሁበት የማታ እንግሊዝኛ

ኮምቦልቻ ውስጥ ስቶር ኪፐር ነኝ። ሠራተኛው ቁልፍ፣ ፒንሳ፣ ድሪል ይወስዳል፤ እኔ መዝግቤ አስፈርማለሁ። አንድ ቀን ለፈረንጁ ኢንጂነር ሪፖርት ስጽፍ፣ ለኤሌክትሪሻኑ ሁለት ድሪል አውሻለሁ ለማለት «አይ ቦሮው ኤሌክትሪሻን ቱ ድሪል» አልኩ። ሰውዬው የገባው ግን የኤሌክትሪሻኑን ድሪል እኔ እንደወሰድኩ ነው። «መልስለት!» አለኝ። ያልወሰድኩትን ከየት አምጥቼ ልመልስ?

በዚያው ሳምንት ማታ እንግሊዝኛ ተመዘገብኩ። በሳምንት 3 ቀን፣ ከ12 ሰዓት እስከ 1 ተኩል፣ በወር 700 ብር። ደሴ ለምናድር ሰዓቱ አይመችም፤ ወደ ደሴ የሚያወጣውን ዳገት፣ ሐረጎን፣ የምንወጣው በጨለማ ነው። ወንበሩ የሕፃናት ነው፣ ጉልበቴ ከዴስኩ ጋር ይጋጫል። ፎቶ ኮፒው ግማሹ አይነበብም። መብራት ከጠፋ በስልክ ባትሪ ነው።

የማክሰኞዋ መምህርት ግን ሌላ ናት። በዕድሜ ልጄ ትሆናለች፤ «ጋሼ» ትለኛለች። የድሪሉን ጉድ ስነግራት ስቃ ስቃ፣ ያን ማታ ሙሉውን ለሁለት ቃላት ሰጠችው። እስክሪብቶዬን ከኪሴ መዘዘችና «እኔ ቦሮው አደረግኩ፤ እርስዎስ?» አለችኝ። «ሌንድ!» አልኩ። እስክሪብቶው ክፍሉን ዞረ፤ ሰጪው ሌንድ፣ ተቀባዩ ቦሮው እያለ። ቦሮው «ፍሮም»ን፣ ሌንድ «ቱ»ን ያስከትላል። ሌንድ ላለፈ ነገር ሌንት ነው። (እስክሪብቶው አልተመለሰልኝም።)

«እኛ በአንዲት ‹አ› ነው የምንገላገለው» አለች፤ ተዋሰ፣ አዋሰ፤ ተበደረ፣ አበደረ። እነሱ ግን ጭራሽ የማይመሳሰሉ ሁለት ቃላት አሏቸው። በተራው፣ እኛ የምንለየውን ቦሮው አይለይም። ጎረቤት ድስት ትዋሳለች፣ ያንኑ ድስት ትመልሳለች። አንድ ስኒ በርበሬ ግን ትበደራለች፤ የምትመልሰው ሌላ በርበሬ ነው። በእንግሊዝኛ ድስቱም በርበሬውም ብሩም ቦሮው ነው። ይህን ዕድሜ ልኬን ሳወራው ልብ ብዬው አላውቅም።

የቦሮው ሥሩ በጥንቱ እንግሊዝኛ መያዣ፣ ዋስትና ማለት እንደነበርም ነገረችን። የእኛ «ተዋሰ» ውስጥስ «ዋስ» የለም እንዴ? አጠገቤ የሚቀመጠው የባጃጅ ሹፌር «ወላሂ!» አለ።

ሽንት ቤትስ፣ ቦሮው ይባላል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ይዘውት ለማይሄዱት ነገር በአብዛኛው «ዩዝ» ነው አለች። ለካ ስንቱን ሽንት ቤት ተሸክሜ ልሄድ ጠይቄያለሁ!

ሐሙስ ላይ «ሴይ» እና «ቴል»ን ያስተማረን ሌላ መምህር ነው። ወረቀቱን አንብቦልን ወጣ። ጥያቄ ሲጠየቅ ሰዓቱን ያያል። እስካሁን ሁለቱን ቃላት አደባልቃቸዋለሁ።

ልትመዘገቡ ካሰባችሁ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ማን እንደሚያስተምር ጠይቁ። ለማክሰኞዋ 700 ብር አይቆጭም። ለሐሙሱ እንኳን ልከፍል፣ ሐረጎን በጨለማ መውጣቱ ራሱ ይቆጨኛል።