ለደብረ ብርሃኑ የሞተር ሳይክል መካኒካችን ምስጋና፣ ሰርቪስ ለምትፈልጉም ጥቆማ

ክብረት ይስጥልን ጋሼ! ይህ ጽሑፍ ደብረ ብርሃን ውስጥ የትንንሽ ሞተር ሳይክሎቻችንን ሰርቪስ ለሚሠሩልን መካኒክ ምስጋና ነው፤ «የት ላሠራ?» እያላችሁ ለምትጠይቁም ጥቆማ ይሁናችሁ። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ አልጻፍነውም። በውስጥ መስመር ለጠየቀን ሁሉ ቦታውን እንጠቁማለን። እዚህ የምናሰፍረው አሠራራቸውን ነው፤ ሌላ ከተማ ያላችሁም መካኒካችሁን ምን ብላችሁ እንደምትጠይቁ ታገኙበታላችሁ።

እሳቸው ዘንድ የሚበዛው ሆንዳ ሲጂ 125 እና የእሱን ንድፍ ተከትለው የተሠሩት የቻይና ሞተር ሳይክሎች ናቸው። ሆንዳ ይህን ሞተር እ.ኤ.አ. በ1976 ሲያወጣ ጥገና በሰዓቱ በማይደረግባቸው አገሮች እንዲያገለግል አስቦበት ነበር። ካሙ (ቫልቮቹን የሚያስከፍተው ዘንግ) ከላይ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ውስጥ ሳይሆን ታች ነው ያለው፤ ቫልቮቹን፣ ማለትም አየርና ቤንዚን የሚያስገባውንና ጭስ የሚያስወጣውን በር፣ የሚከፍተውም በረጃጅም ዘንጎች እየገፋ ነው። እየተለጠጠ የሚያስቸግር የታይሚንግ ካቴና (ካሙን የሚያዞር ሰንሰለት) የለውም። ጠንካራ መሆኑ ግን ብዙ ባለንብረት አዘናግቷል፤ ዘይት ብቻ እየቀየሩ ሌላውን መርሳት የተለመደ ሆኗል። የጋሼ ሰርቪስ ከሌላው የሚለየው የሚረሳውን ሁሉ በተራ ስለሚነካ ነው።

ከዘይቱ እንጀምር። በዚህ ሞተር ውስጥ ሞተሩም፣ ማርሹም፣ ፍሪሲዮኑም (ሞተሩን ከማርሹ የሚያገናኘውና የሚለያየው ክፍል) የሚታጠቡት በአንድ ዘይት ነው። ስለዚህ ለመኪና የተሠራ ቀጭን ዘይት፣ በተለይ ነዳጅ ይቆጥባል ተብሎ የሚሸጠው፣ ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ግን ኃይል አያገኝም። ጋሼ ከዘይቱ ጣሳ ላይ መጀመሪያ የሚፈልጉት «ጃሶ ኤምኤ» ወይም «ኤምኤ2» የሚለውን ጽሑፍ ነው፤ ይህ ምልክት ዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን ተስማሚ መሆኑን ያሳያል። ውፍረቱን በተመለከተ ለደብረ ብርሃን ብርድ 10 ደብልዩ 40ን ይመርጣሉ፤ 20 ደብልዩ 50ም ይሠራል ይላሉ። አርባ ቁጥር የሚባለውን ነጠላ ዘይት አይወዱትም። ምክንያቱም በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሌሊቱን ያደረ ሞተር ሲነሣ ይህ ዘይት ስለሚወፍር ቫልቮቹ ጋ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል፤ ሞተር ደግሞ እየተፋተገ አብዝቶ የሚያልቀው በዚያች ጊዜ ነው።

አሠራራቸው እንዲህ ነው። ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ አስነሥተው ዘይቱን ያሞቁታል፣ ያጠፉታል፣ ሞተር ሳይክሉን በመሐል መቆሚያው ቀጥ አድርገው የማፍሰሻውን ብሎን ይፈታሉ። ዘይቱ ጠብታው እስኪያልቅ ይተዉታል፤ አይቸኩሉም። ማፍሰሻው ላይ ስፕሪንግና ወንፊት ያለው ሞተር ከሆነ ወንፊቱን በላምባ አጥበው ለባለቤቱ ያሳያሉ። በጣት ሲነካ የሚሟሟ ግራጫ ጭቃ አያስፈራም። የሚያብረቀርቅ ስባሪ ወይም ቅርፊት ከተገኘ ግን ዘይት ጨምረው አይሸኟችሁም፤ ከየት እንደመጣ ይፈልጋሉ። ራንዴላዋን (የብሎኑን ቀለበት) በአዲስ ይተካሉ፣ ብሎኑን እስከ መጨረሻው በጣት አስገብተው ከዚያ በኋላ ብቻ ቁልፍ ይጠቀማሉ። የሞተሩ ገላ አሉሚኒየም ስለሆነ በጉልበት የጠበቀ ብሎን ጥርሱን ይዞ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ወጪ ከብዙ ሰርቪስ ይበልጣል።

ብዛቱ ላይ ደግሞ ጠንቃቃ ናቸው። ሲጂ 125 ዘይት ሲቀየር የሚወስደው 0.9 ሊትር ያህል ነው። ጣሳው አንድ ሊትር ስለሆነ ብዙ ቦታ «አይብዛ አይነስ» ሳይባል ሙሉውን ይገለበጣል። ከልክ በላይ የሆነ ዘይት በክራንኩ (በሞተሩ ዋና ዘንግ) ይመታል፣ አረፋ ይሆናል፣ በመተንፈሻው ቱቦ ወደ አየር ፊልትሮው ቤት ይተፋል፤ ከዚያ ሰው «ሞተሬ ዘይት ይጥላል» ብሎ ጓርኒሲዮን (በክዳኖች መካከል የሚገባ ማሸጊያ) ያስቀይራል። እሳቸው ከሞሉ በኋላ ሞተሩን አስነሥተው ያጠፉና ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቀው ይለካሉ። የዘይት መለኪያውን ሲለኩ አያጠብቁትም፣ ጥርሱ ላይ አስቀምጠው ብቻ ያወጡታል። አጥብቆ የለካ ሰው ዘይቱ ከእውነተኛው በላይ ስለሚታየው ጎድሎ ሳለ ሙሉ ነው ይላል።

በእኛ አቧራና ዳገት ከ1500 እስከ 2000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ እንድንቀይር ይመክራሉ፤ አዲስ ሞተር ከሆነ የመጀመሪያው 500 ላይ። ኪሎ ሜትር መቁጠሪያው የሞተበት ሞተር ሳይክል ስለሚበዛም መላ አላቸው፦ ቤንዚን የምንከፍለው በቴሌብር ስለሆነ ስንት እንደቀዳን ስልካችን ውስጥ አለ። በሊትር 40 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ሞተር 40 ሊትር ሲሞላ 1600 ኪሎ ሜትር ሄዷል ማለት ነው፣ ዘይቱ ደርሷል። ይህን ምክር የሰጠን ሌላ ማንም አልነበረም።

አሁን ወደ ቫልቩ። ከሁሉ በላይ የምናመሰግናቸው በዚህ ነው። አብዛኛው ሰው ጋራዥ ሄዶ «ቫልቩ ያንኳኳል፣ ድምፁን አጥፋልኝ» ይላል፤ መካኒኩም ደንበኛውን ለማስደሰት ያጠብቅለታል። ሞተሩ ዝም ይላል፣ ሰውዬው ደስ ብሎት ይሄዳል፣ ጥፋቱ ግን ያን ቀን ተጀመረ። ክፍተት (በቫልቩ ጫፍና በመግፊያው መካከል የሚተወው ጠባብ ቦታ) ያጣ የጭስ ቫልቭ ሞተሩ ሲሞቅና ሲለጠጥ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ቫልቭ ሙቀቱን የሚያስተላልፈው መቀመጫው ላይ ገጥሞ ባረፈበት ጊዜ ነው፤ ካልገጠመ እሳቱ በጠባቧ ክፍተት እየተፈተለከ ጠርዙን ይበላዋል። ምልክቱ በድምፅ አይመጣም። ጠዋት ለመነሣት ማስቸገር፣ ከሞቀ በኋላ ሲያጠፉት አልነሣም ማለት፣ ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳይሰጠው) መቆየት አለመቻል፣ የማስነሻው ፔዳል ሲረገጥ መልሶ አለመግፋት፤ እነዚህ ናቸው። በጣም የሰፋ ክፍተትም ጥሩ አይደለም፤ ያንኳኳል፣ ቫልቩ በሚገባው ልክ ስለማይከፈት ኃይል ይቀንሳል፣ የሚመታው ጫፍም ይበላል። ግን ይህኛው ራሱን ይናገራል፤ የጠበቀው አይናገርም።

ጋሼ በጆሮ አያስተካክሉም፣ በመለኪያ ነው። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ የቀዘቀዘ መሆን አለበት፤ እየነዳችሁ መጥታችሁ «አሁን አስተካክሉልኝ» ብትሉ እምቢ ይላሉ። ካንዴላውን (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ያወጣሉ፣ በግራ በኩል ያለውን ክዳን ከፍተው ማግኔቱን በቁልፍ ከግራ በኩል ሲታይ ከሰዓት ዘንግ ተቃራኒ እያዞሩ «ቲ» የሚለውን ምልክት ከገላው ምልክት ጋር ያገናኛሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ «ቲ» የሚገጥመው በየዙሩ ስለሆነ ፒስተኑ ከላይ መሆኑን ብቻ ነው የሚናገረው፤ ሁለቱም ቫልቮች የተዘጉበት መሆኑን አይናገርም። ስለዚህ ሁለቱን የቫልቭ መግፊያዎች በጣት ይነካሉ። ሁለቱም ጥቂት ከተነቃነቁ ትክክለኛው ቦታ ነው፤ አንዱ ከጠበቀ ሙሉ አንድ ዙር ይጨምራሉ። ከዚያ 0.08 ሚሊ ሜትሯን የክፍተት መለኪያ ያስገባሉ፤ ለሲጂ 125 ለሁለቱም ቫልቮች ልኩ ይህ ነው። መለኪያዋ ስትሳብ ትንሽ ያዝ እያደረገች መውጣት አለባት። ዳዶው (የማስተካከያው ማጥበቂያ) ሲጠብቅ ማስተካከያውን ይዞት ስለሚዞር ካጠበቁ በኋላ እንደገና ይለካሉ፤ ሁለተኛውን መለካት የሚተዉ መካኒኮች ሥራቸው የሚበላሽባቸው እዚህ ላይ ነው። የሌላ ዓይነት ሞተር ከሆነ ልኩ ስለሚለይ የአምራቹን መጽሐፍ ይጠይቃሉ፣ ከሲጂው ላይ አይቀዱለትም።

የአየር ፊልትሮ። ስፖንጁን የሚያጥቡት በላምባ ነው፤ ቤንዚን ስፖንጁን ስለሚያበላሽና ለእሳትም ስለሚያሰጋ አይነኩትም። ይጨምቁታል እንጂ አይጠመዝዙትም፣ ምክንያቱም ሲጠመዘዝ ይቀደዳል። ከደረቀ በኋላ ንጹሕ ዘይት አጠጥተው ትርፉን ጨምቀው ያስወግዳሉ፤ አቧራውን የሚይዘው ያ ዘይት ነው፣ ደረቅ ስፖንጅ ደቃቁን ያሳልፋል። የወረቀት ፊልትሮ ከሆነ ግን ዘይት አይነካውም፤ ከውስጥ ወደ ውጭ በአየር ይነፋል፣ ሲያረጅ ይቀየራል። ወደ ገጠር ቀበሌ በኮረት መንገድ ለሚወጡ በየሳምንቱ እንዲከፈት ይመክራሉ። ፊልትሮ አውጥቶ መንዳት ኃይል ይጨምራል የሚል ወሬ አለ። የሚጨምረው አሸዋ ነው። ፋሻውንና (የፒስተኑን ቀለበት) ሲሊንደሩን ይሞርደዋል፣ ከዚያ ሰማያዊ ጭስ፣ ከዚያ ሬቲፊካ (ሲሊንደሩን በማሽን እንደገና ማስሞረድ)።

ከፍታው ደግሞ የደብረ ብርሃን የራሱ ጉዳይ ነው። ከተማው ከባሕር ወለል ከ2800 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ወደ ሩብ በሚጠጋ ይሳሳል። ካርቡሬተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) ግን ይህን አያውቅም፣ ለቆላ በተስተካከለበት ልክ ቤንዚን ይለቃል። ውጤቱ ጥቁር ካንዴላ፣ ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) ጥቁር ጭስ፣ ዳገት ላይ መታፈን፣ ቤንዚን መብላት ነው። ጋሼ መጀመሪያ ፊልትሮው ንጹሕ መሆኑን ያረጋግጣሉ፤ የታፈነ ፊልትሮም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያልና። ከዚያ የካርቡሬተሩን መርፌ የያዘችውን ማያያዣ አንድ ጥርስ ወደ ላይ ያወጣሉ፣ ካልበቃ ዋናውን ጄት (ቤንዚን በልክ የሚያሳልፈውን ባለ ቀዳዳ ብሎን) በአንድ ደረጃ ወደሚያንስ ቁጥር ይቀይራሉ፣ ነድተውት ካንዴላውን ያያሉ። ወደ አፋር ወይም ወደ ሌላ ቆላ ለሥራ የሚወርድ ሰው ከሆነ የድሮውን ጄት በወረቀት ጠቅልለው ይሰጡታል፤ ቆላ ላይ በትንሹ ጄት ከነዳ ቤንዚን እያነሰው ሞተሩ ከልክ በላይ ይሞቃል።

ካርቡሬተር ሲያጥቡ ቀዳዳዎቹን በሽቦ አይወጉም፣ በአየር ይነፋሉ፤ የሚኒሞዋ ጄት ቀዳዳ በጣም ጠባብ ስለሆነች ሽቦ ያሰፋትና ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ዳግም አይረጋጋም። የማስተካከያዋን ብሎን ከመፍታታቸው በፊት እስክታርፍ ስንት ዙር እንደምትገባ ቆጥረው ይጽፋሉ። ታችኛው ጎድጓዳ ውስጥ የሚያገኙት ውኃና ዝገት በብዛት የሚመጣው በሃይላንድ ከሚሸጥ ቤንዚን ነው፤ ከተቻለ ከማደያ ብቻ ቅዱ። ሚኒሞውን በመጨረሻ፣ ሞተሩ ሞቆ ሳለ፣ በደቂቃ ወደ 1400 ዙር ገደማ ያደርጉታል።

ካንዴላ ከመፈታቱ በፊት ዙሪያውን በአየር ያጸዳሉ፣ አቧራው ወደ ሲሊንደር እንዳይወርድ። ክፍተቱ ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ነው። ቡናማ ከሆነ ሰላም ነው፤ ደረቅ ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፤ ዘይት የነካው እርጥብ ጥቁር ከሆነ ፋሻ ወይም የቫልቭ ጎማ አልቋል፤ ነጭ ከሆነ ከካርቡሬተሩ ቀጥሎ ባለው ጎማ የሚገባ አየር እንዳለ ይጠረጥራሉ።

ብዙ ሰው መኖሩን እንኳ የማያውቀው ነገር በቀኝ በኩል፣ ከፍሪሲዮኑ ክዳን ሥር፣ ክራንኩ ጫፍ ላይ የተቀመጠው የሚሽከረከር የዘይት ማጣሪያ ነው። ሲጂ 125 የሚቀየር የወረቀት ዘይት ፊልትሮ የለውም፤ ቆሻሻውን በሽክርክሪት ወደ ግድግዳው የሚወረውረው ይህ ነው። ከ10,000 እስከ 12,000 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ተከፍቶ መታጠብ አለበት፤ ሲከፈት እንደ ሸክላ ጭቃ የጠነከረ ዝቃጭ ይገኛል። ጋሼ በዚያው የፍሪሲዮኑን ሳህኖች ያያሉ፣ የድሮውን ጓርኒሲዮን በጥንቃቄ ፍቀው አዲስ ያስገባሉ። ሲሊኮን በብዛት አይቀቡም። ወደ ውስጥ የተረፈው ሲሊኮን ተቆርጦ ዘይት በሚስበው ወንፊት ላይ ይጣበቃል፣ ዘይቱ ወደ ላይ መውጣቱን ያቆማል፤ በውጭ ግን ምንም አይታይም።

ሐቀኝነታቸውንም እንናገር። የወጣውን አሮጌ ዕቃ ሁሉ ያስረክባሉ። የእጅ ዋጋቸውን ከመጀመራቸው በፊት ይናገራሉ፣ ዘይቱን ራሳችሁ ገዝታችሁ ብትመጡ አይከፋቸውም። መለወጥ የሌለበትን «ለውጡ» አይሉም። ሬቲፊካ እሳቸው አይሠሩም፤ ሲያስፈልግ በግልጽ ነግረው ወደ ሌላ ይመሯችኋል። ጉድለት ቢባል ሥራቸው ጊዜ ይወስዳል፣ ወረፋም አለ፤ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው አይመቻቸውም። የሚችል ሰው ሞተር ሳይክሉን ትቶ ይሂድ።

ለምትሄዱ፦ ቫልቭ የሚታይ ከሆነ ማታ አስገብታችሁ አሳድሩት፣ ጠዋት ቀዝቅዞ ያገኙታል። አንድ ሊትር ዘይት፣ የማፍሰሻውን ራንዴላና አንድ ካንዴላ ያዙ። የቀኙ ክዳን የሚከፈት ከሆነ ጓርኒሲዮኑን አስቀድማችሁ ግዙ፣ ሁልጊዜ ገበያ ላይ አይገኝም። የቀረውን ዘይት ጣሳውን ዘግተው ይመልሱላችኋል፤ እስከሚቀጥለው ቅያሪ ባለው ጊዜ ጎደል ሲል የምትጨምሩት እሱን ነው።