የዲክ ስሚዝ የሜካፕ ትምህርት ሲመዘን፦ የቱ ዛሬም ይሠራል? የቱስ ጊዜው አልፎበታል?

ማርሎን ብራንዶ «ዘ ጎድፋዘር» ላይ ጉንጩ የወረደ ሽማግሌ ሆኖ ሲተውን ገና 50 ዓመት አልሞላውም ነበር። ጭምብል አልተደረገለትም። ሥራውን የሠሩት በዋናነት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ጥርስ ላይ ተሰክቶ ጉንጭን ከውስጥ የሚገፋ ማሳበጫ፣ እና ቆዳው ተወጥሮ ሳለ የተቀባ ስስ ላቴክስ (ፈሳሽ ጎማ)። ሠሪው ዲክ ስሚዝ (1922–2014፤ እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ዬል ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የጥርስ ሐኪም ሊሆን ሲያስብ፣ አንድ የሜካፕ መጽሐፍ እጁ ገባና ሐሳቡን አስቀየረው። በ1945 የአሜሪካው ኤንቢሲ ቴሌቪዥን የመጀመሪያው የሜካፕ ኃላፊ ሆኖ 14 ዓመት ሠራ።

በዚያ ዘመን አብዛኛው ባለሙያ ቀመሩን ለማንም አያሳይም ነበር። ስሚዝ ግን በ1965 ልጆች ቤት ውስጥ በሚገኝ ዕቃ የሚሠሩትን የጭራቅ ሜካፕ መመሪያ አሳተመ፤ ኋላም የሙያውን ሙሉ ቀመር ከነልኩ፣ ከነስህተቱ በደብዳቤ ትምህርት አቀረበ። እዚህ የምንመዝነው ከዚያ ትምህርት የወጡትን ዋና ዋና ቀመሮች ነው።

ከሁሉም ብልጫ ያለው ፊትን የሚያስረጀው ላቴክስ ነው። ልኩ 90 ግራም የፎም ላቴክስ መሠረት፣ 5 የሻይ ማንኪያ ታልክ፣ 2 የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ደረቅ ፋውንዴሽን፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጣዕም የሌለው ጀላቲን እና 3 የሾርባ ማንኪያ ሙቅ ውሃ ነው። ጀላቲኑን በውሃው አሟሙታችሁ፣ ታልኩንና ፋውንዴሽኑን ጨምራችሁ፣ በመጨረሻ ላቴክሱን እያማሰላችሁ ታፈሳላችሁ። ታልኩ የላቴክሱን ብልጭታ ይገድላል፤ ጀላቲኑ ደግሞ ሽብሽቡ ተመልሶ እንዳይዘረጋ ያደነድነዋል። ፍሪጅ ውስጥ ሲቀመጥ ስለሚረጋ፣ ከመጠቀማችሁ በፊት ብልቃጡን ሙቅ ውሃ ውስጥ አቁሙት።

አቀባቡ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ፊቱ በአልኮል ከቅባት ይጸዳል፣ ጢም ይላጫል፣ ቅንድብና የግንባር ፀጉር ቫዝሊን ይቀባል፤ ያለዚያ ሲነሳ ፀጉሩን ይዞ ይመጣል። ረዳቱ ቆዳውን የሽብሽቡን መስመር በሚያቋርጥ አቅጣጫ ይወጥራል፣ እናንተ በስፖንጅ ነካ ነካ እያደረጋችሁ በስሱ ትቀባላችሁ፣ በፎን ቀዝቃዛ አየር ታደርቃላችሁ፣ ቆዳው ገና እንደተወጠረ ፓውደር ታደርጋላችሁ፤ ከዚያ ብቻ ይለቀቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ ፓውደር ያልነካው ላቴክስ እርስ በርሱ ከተጣበቀ ሲላቀቅ ይቀደዳል፣ ቦታውም እንደገና መጀመር አለበት። ዓይን አካባቢ ሲደርስ ላቴክሱ ውስጥ ያለው አሞኒያ ስለሚያቃጥል ተዋናዩ ዓይኑን ጨፍኖ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ይቆይ። ላቴክስ የማይስማማው ሰው ስላለ፣ ከአንድ ቀን በፊት ክንድ ላይ ሞክሩት።

ጉድለትም አለው። ዘዴው ያለውን ሽብሽብ ያጎላል እንጂ ከባዶ አይፈጥርም፤ የ20 ዓመት ልጅ ላይ ብትደክሙ የምታገኙት የተሰነጣጠቀ ፊት ነው። ሌላው ችግር የታልኩ ነጭነት ነው፤ በጥቁርና በጠይም ቆዳ ላይ ፊቱን አመድ ያስመስለዋል። የተፈጨውን ፋውንዴሽን ከተዋናዩ ቆዳ ትንሽ ጠቆር ያለ ምረጡ፣ በላዩ የምትነሰንሱትም ቀለም አልባ ፓውደር ይሁን። ፀጉር ላይ ዱቄት ነስንሶ «አረጀ» ከማለት ግን ይሄ በብዙ ይሻላል።

ሁለተኛው ቅጥያዎችን፣ ማለትም ፊት ላይ የሚለጠፉ የላስቲክ ቁርጥራጮችን፣ ለመቀባት የሚያገለግለውና በባለሙያዎች ዘንድ ፓክስ የሚባለው ቀለም ነው። ፕሮስ ኤድ የተባለው ሙጫና የሠዓሊ አክሪሊክ ቀለም እኩል በእኩል ይደባለቃል። አክሪሊክ ብቻውን ላስቲክ ላይ ይሰነጠቃል፤ ሙጫው እንዲለጠጥ ያደርገዋል። ሙጫው እርጥብ ሳለ ነጭ፣ ሲደርቅ ግን ብርሃን አሳላፊ ስለሆነ ቀለሙ ሲደርቅ ይጠቁራል፤ በእርጥቡ አትፍረዱ። ከደረቀም በኋላ ስለሚይዝ ፓውደር የግድ ነው። በጥፍር ከመላጥ በሙጫው ማስለቀቂያ አለስልሱት። ካድሚየም ያለበት አክሪሊክ ቆዳ እንዳይነካ።

ፓክስ ዛሬ ቦታው ጠቧል፤ ምክንያቱም ብዙዎቹ የፊት ቅጥያዎች አሁን ሲሊኮን ናቸው፣ ሲሊኮን ላይ ደግሞ ከሲሊኮን ሌላ የሚይዝ ነገር ጥቂት ነው። የቅጥያ አከፋፈሉ ግን አላረጀም። ስሚዝ ደስቲን ሆፍማንን «ሊትል ቢግ ማን» (1970) ላይ የ121 ዓመት ሽማግሌ ያደረገው በአንድ ወጥ ጭምብል ሳይሆን ጠርዛቸው በሚደራረብ ብዙ ቁርጥራጮች ነው፤ ተዋናዩ ሲያወራ ሁሉም በየራሱ ይንቀሳቀሳል።

የትምህርቱ ትልቁ ጥቅም ወረቀቱ ላይ አይደለም፤ ሰውዬው ለጠየቀው ሁሉ መልስ መስጠቱ ነው። የሜካፕ ባለሙያው ሪክ ቤከር ወጣት ሳለ ሥራውን ይዞለት ሄዶ ኋላ «ዘ ኤክሶርሲስት» (1973) ላይ ረዳቱ ሆነ፤ ኋላም ሰባት ኦስካር ወሰደ። ጃፓን የተወለደው የሜካፕ ባለሙያ ካዙ ሂሮ በተማሪነቱ ደብዳቤ ጻፈለት፣ መልስ አገኘ፤ በኋላ ለሁለት ፊልሞች ኦስካር ተሸለመ። ጊዬርሞ ዴል ቶሮ ዳይሬክተር ከመሆኑ በፊት ከስሚዝ ተምሮ በሜካፕ ሙያ ሠርቷል። የፊልም ዳይሬክተሩ ጄ ጄ ኤብራምስ በልጅነቱ አድናቆቱን ጽፎ ሲልክለት በፖስታ የደረሰው የ«ዘ ኤክሶርሲስት» ትርፍ ሰው ሠራሽ ምላስ ነው፤ በለውዝ ቅቤ እንዲያጣብቀው ከሚነግር ማስታወሻ ጋር! ስሚዝ ራሱ በ«አማዴየስ» ኦስካር አገኘ፣ በ2011 ደግሞ የክብር ኦስካር ተሰጠው። ያን መሰል መልስ ሰጪ መምህር በየትኛውም የቪዲዮ ትምህርት ውስጥ አይገኝም።

ሦስተኛው ቀመር ሰው ሠራሽ ደም ነው። ደሙን ሁሉም ሰው ሊሠራው ይችላል፤ ጥንቃቄው ግን አይዘለል። ለአንድ ሊትር ገደማ ነጭ የበቆሎ ሲረፕ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ሜቲል ፓራቤን (እንዳይሻግት)፣ 60 ሚሊ ሊትር ገደማ ቀይ የምግብ ቀለም፣ 5 የሻይ ማንኪያ ቢጫ፣ 60 ሚሊ ሊትር ገደማ የኮዳክ ፎቶ ፍሎ (የፎቶ ፊልም ሲታጠብ የሚጨመር ፈሳሽ)። ቢጫው ቀዩ በካሜራ ወደ ሮዝ እንዳይሄድ ያደርጋል። ፎቶ ፍሎው ደሙ ልብስ ላይ እንደ ጠብታ ከመቆም ይልቅ እንዲሰርግ ያደርጋል፤ መርዛማ ስለሆነ ግን አፍና ዓይን አጠገብ አይቀርብም። ከአፍ ለሚወጣ ደም ሲረፕና የምግብ ቀለም ብቻ ለብቻ አዘጋጁ፣ ብልቃጡ ላይም ጻፉበት። የበቆሎ ሲረፕ ከጠፋ የኬክ ቤቶች ግሉኮስ በጥቂት ሙቅ ውሃ ቀጥኖ ይተካዋል፤ ተራ የስኳር ሽሮፕ ግን መብራት ሥር ሲደርቅ ክሪስታል ይሠራል። ቀለሙ ቆዳ ላይ ስለሚቀር የጢም መላጫ ፎም ቀብታችሁ ጥረጉት። ከልብስ እንደማይለቅ አስባችሁ ያንኑ ልብስ ሁለት ሦስት አድርጋችሁ አስገዙ።